ቃልዬ ቁልፍ የተማረችበት ክረምት

ነጭ ሽንኩርት በላጥኩ ቁጥር ሽታው ጥፍሬ ሥር ገብቶ እስከ ማግስቱ አይለቀኝም። ሌላው ሰው በሎሚ ያሸዋል፣ በሳሙና ይፈትገዋል፤ እኔ ግን ለማስለቀቅ አልቸኩልም። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ጣቴን ወደ አፍንጫዬ ጠጋ ሳደርግ ሽሮ ሜዳ የነበረው ግቢያችን ይመጣብኛል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማኛል። ትንሿ እህቴ ቃልኪዳን በረንዳው ላይ በርጩማ ይዛ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ከአንዲት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጋር ስትታገል ትታየኛለች።

ያን ክረምት እኔ አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ቃልዬ ስድስት ዓመቷ ነው። ዳውን ሲንድሮም እንዳላት እማዬ ገና እንደወለደቻት ተነግሯታል፤ እኔን ግን ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን እማዬ ለጎረቤት ስትናገር ሰማኋት፦ «ከእኛ አንድ ትርፍ ይዛ ነው የተወለደችው። ሰውነቷ ውስጥ ነው እንጂ በዓይን አይታይም።» እኔ አላመንኩም። የማይታይ ትርፍ ምን ዓይነት ትርፍ ነው? ቃልዬ ቀን ላይ ሸለብ ሲያደርጋት ጠብቄ የእጇንም የእግሯንም ጣቶች ቆጠርኳቸው። ልክ ናቸው። ጆሮዋም ሁለት ነው። ጥርሷን ልቆጥር አፏን ከፈት ሳደርግ ነቃችና ነከሰችኝ። ትርፉን ሳላገኘው ቀረሁ።

አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት ውስጥ የምንውለው እማዬ፣ አባባ ዘውዴና እኛ ሁለታችን ነን። እማዬም ብትሆን ከሰኞ እስከ አርብ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። አባባ የእማዬ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽሮ ሜዳ ገበያ ውስጥ የሐበሻ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም የስፌት መኪናቸውን ይዘው ቤት ገቡ። እጃቸው ግን አልደከመም። ቀርፋፋ እጅ ማየት አይችሉም፤ ሰው መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሲቸገር ካዩ «አምጪው እስቲ» ብለው ይቀሙታል። ቃልዬን ደግሞ ከዓይናቸው ብሌን አይለዩዋትም። ጫማዋን ያደርጉላታል፣ ሹራቧን ይቆልፉላታል፣ ምግቧን እያጎረሱ ያበሏታል። እሷም ለምዳ፣ ምግብ ሲቀርብ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

ነገሩ የተጀመረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። እማዬ እኛን ሁለታችንን ይዛ ከመንገዱ ታች ወደሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት ሄደች። ርዕሰ መምህርቷ መነጽር ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴትዮ ነበሩ። ቃልዬን ጭናቸው ላይ አስቀመጧትና እማዬን አዩዋት።

«እኔ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ክፍል ውስጥ ያለችው አስተማሪ አንዲት ናት፤ ረዳት የለንም። ምሳ ዕቃዋን ራሷ ከፍታ ከበላች፣ ሽንት ቤት ስትሄድ ሱሪዋን ፈታ ራሷ ከቆለፈች፣ መስከረም ላይ ይዘሻት ነይ። ካልሆነ ግን ልጅቷም ትንገላታለች።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች እማዬ።

ዳገቱን ስንወጣ እማዬ መሬት መሬቱን እያየች ትራመዳለች። እኔ ግን መፍትሔው ቶሎ ታይቶኝ ነበር።

«እማዬ፣ ሱሪው ከሆነ ችግሩ፣ ለምን ቀሚስ አናለብሳትም?»

እማዬ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ከዚያ ከሆዷ ሳቀች። ቃልዬም ምክንያቱን ሳታውቅ አብራ ሳቀች። ሦስታችንም እየሳቅን ቤት ገባን።

በሳምንቱ እማዬ ፈቃድ ጠይቃ እንዲህ ያሉ ልጆች ወደሚረዱበት አንድ ማዕከል ወሰደችን። አባባም ነጠላቸውን አጣፍተው አብረው መጡ። የተቀበለችን ቴራፒስት ራሄል ትባላለች፤ ልጆቹ ሁሉ ሚስ ራሄል ነው የሚሏት። ምንጣፉ ላይ ከቃልዬ ጋር ቁጭ ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፣ ኳስ አስጨበጠቻት፣ ወረቀት አስቀደደቻት።

«የጣቶቿ ጡንቻ ላላ ያለ ነው። መጋጠሚያውም ላላ ይላል» አለች። «ለዚህ ነው ትንሽ ነገር ስትይዝ የሚያመልጣት። ግን አትችልም ማለት አይደለም። ጣቶቿ መጠንከር አለባቸው፤ ጊዜም መስጠት ነው።»

ላላ ያለ! ይህን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። አባባ የስፌት መኪናቸው ሲላላ በካቻቢቴ ጠበቅ ጠበቅ ያደርጉታል፣ ከዚያ ይሠራል። ቤት እንደገባን መሳቢያቸውን ከፍቼ ትንሿን ካቻቢቴ አወጣሁና «አባባ፣ የቃልዬ ብሎን የት ጋ ነው?» አልኳቸው። ካቻቢቴውን ከእጄ ተቀብለው ብዙ ጊዜ አገላብጠው አዩት። «የሷን ብሎን ራሷ ነች የምታጠብቀው አሉ፣ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ቅር ያለው ሰው ድምፅ ነበር።

ያን ክረምት የእኔ ሥራ ቃልዬን ማለማመድ ሆነ። እንደ ሥራ ግን አልቆጠርኩትም፤ ሚስ ራሄል የነገረችን ሁሉ ጨዋታ ነበርና። ሽምብራ እያነሱ በውሃ ፕላስቲክ አፍ መክተት። ዱቄት በጨውና በውሃ አቡክቶ መጨፍለቅ፣ እያድቦለቦሉ ትንንሽ ኳስ መሥራት። የልብስ መቆንጠጫ እየከፈቱ ባልዲ ጠርዝ ላይ መስካት። ሚስ ራሄል መቆንጠጫውን «አዞ» አለችው። አፉ የሚከፈተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫን ሲባል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቃልዬ በሙሉ መዳፏ ጨብጣ ትጨምቀዋለች፣ አዞው አፉን አይከፍትም፤ ትናደድና ግቢው ውስጥ ትወረውረዋለች። እኔ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ለቅሜ አመጣዋለሁ።

ትልቁ ችግር አባባ ነበሩ። ቃልዬ አንዷን ሽምብራ ለማንሳት ስትፍጨረጨር አጠገቧ ተቀምጠው ያያሉ። ሽምብራዋ ታመልጣለች። እንደገና ትሞክራለች። ሦስተኛው ላይ እጃቸው ብድግ ይልና ሽምብራዋን ለቀም አድርጎ ፕላስቲኩ ውስጥ ጠብ ያደርጋታል። ቃልዬ ታጨበጭባለች። «ጎበዝ!» ይሏታል ራሳቸው የሠሩትን።

«አባባ፣ እሷ ነች እኮ የምትሠራው!» እላለሁ።

«ልጅቱን አታድክሚያት። ነገም ቀን ነው።»

ለሚስ ራሄል አቃጠርኩባቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ እማዬም አባባም ባሉበት፣ «አባባ ሽምብራውን ይጨርሱባታል» አልኩ። እማዬ በዓይኗ ገረፈችኝ። አባባ ግን አልካዱም።

«ስትቸገር እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ ልጄ? አንጀቴ አይችልም።»

«አውቃለሁ አባባ» አለች ሚስ ራሄል። «እርስዎ ሲረዷት ግን የሚጠነክረው የእርስዎ ጣት ነው። የእርስዎ ደግሞ ድሮም ጠንካራ ነው።»

«ታዲያ እጄን ምን ላድርገው?»

«ይቀመጡበት።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በማግስቱ ሽምብራው ሲቀርብ አባባ ሁለት እጃቸውን ከሥራቸው አድርገው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀመጡ። ቃልዬ ስትቸገር አንገታቸው ይሰግጋል፣ ትከሻቸው ይነሳል፣ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፤ እጃቸው ግን ካለበት አልወጣም። ሽምብራዋ በመጨረሻ ጠብ ስትል ከቃልዬ ይልቅ እሳቸው ደከሙ። «እፎይ!» ብለው ላባቸውን ጠረጉ።

ሐምሌ እንዲህ እያለ አለፈ። አንድ ከሰዓት አባባ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ ቃልዬ ፀጥ አለች። ስትጮህ ሳይሆን ፀጥ ስትል ነው የሚያስፈራው። ብቅ ብዬ ባይ የመቆንጠጫውን ቅርጫት አጠገቧ አድርጋ የጋቢያቸውን ጠርዝ ዙሪያውን በአዞ ሰክታዋለች። በሁለት ጣት፣ ልክ እንደተባለችው! እማዬ ስትመጣ አሳያታለሁ ብዬ ዝም አልኩ። አባባ ግን ነቁና ለባትሪ ብለው ሱቅ ሄዱ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ መቆንጠጫ ከኋላቸው ተንጠልጥሎ፣ ሰላምታ እየሰጡ መንደሩን ዞሩት። ሲመለሱ ባለ ሱቁ ነግሯቸው ኖሮ አንዱንም አላነሱትም። «ማን ነው የሠራው ብሎ ሲጠይቀኝ የልጅ ልጄ አልኩት» አሉን፣ ጋቢያቸውን ዘርግተው እያሳዩ።

ነጭ ሽንኩርቱ የመጣው እማዬ በርበሬ ልታዘጋጅ በጆንያ ስትገዛ ነው። ቀድሞ ውሃ ውስጥ እንዘፈዝፈዋለን፤ ቆዳው ሲለሰልስ ቃልዬ በጥፍሯ ጫፍ ቆንጥጣ መሳብ ትችላለች። እኔ ሳህን ሙሉ ስልጥ እሷ አንዲት ፍሬ ታደርሳለች። ግን እያንዳንዷን እንደ ዕንቁ አጥባ ለየብቻ ታስቀምጣታለች። መጀመሪያ ቀን በዚያው እጇ ዓይኗን አሸችውና መንደሩን በለቅሶ አናጋችው፤ እማዬ ሮጣ ፊቷን አጠበቻት። «በቃ፣ ይቅርባት» አሉ አባባ። ቃልዬ ግን ዓይኗ እንደቀላ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለችና እጇን ዘረጋች። «ስጪኝ» አለችኝ። ያኔ ቃሏ ጥቂት ነበርና «ስጪኝ» ማለቷ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ከቤታችን የሚወጣ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ሰው ዞር ዞር እያለ ያየን ነበር።

የሚከብደው ቁልፍ ነው። ሚስ ራሄል በትልልቅ ቁልፍ ጀምሩ አለችን። ይህን ስትል አባባ ከወንበራቸው ተነሱ፤ እጃቸው በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ያን ዕለት ማታውኑ የስፌት መኪናቸውን ዘይት ቀብተው፣ ከአሮጌ ካፖርታቸው ጨርቅ ለቃልዬ ሰደርያ ሰፉላት። ቁልፎቹ የካፖርት ቁልፎች ናቸው፤ ቀዳዳውም ሰፊ ነው። ቃልዬ በየቀኑ ያንን ለብሳ ትቆልፋለች፣ ትፈታለች። «ቁልፉን ዝጊ» እንላታለን፣ ትዘጋለች። «ቁልፉን ክፈቺ» እንላታለን፣ ትከፍታለች። አባባ ቀዳዳውን በየጊዜው እያጠበቡ፣ ቁልፉንም በትንሽ እየለወጡ ሄዱ። ነሐሴ ሲገባ የገዛ ሹራቧ ላይ ደረሰች። አንዳንዴ አንዱን ዘላ ትቆልፈውና ሹራቡ ወደ ጎን ይጠማዘዛል፤ እሷ ግን ደረቷን ነፍታ «ቃል ዘጋች!» ትላለች። ራሷን የምትጠራው ቃል እያለች ነው፤ አባባን ደግሞ ባባ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እማዬ ቡታጋዝ ላይ ምስር ጣደችና ውሃ ልትቀዳ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣች። ከእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ መጣ፤ እኔ የተሰጣውን ልብስ ለመሰብሰብ ሮጥኩ። አባባ በረንዳው ላይ ነበሩ። ጠብታው ሲጀምር ወንበራቸውን ሊያስገቡ ጎንበስ ባሉበት በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ቀጥሎ ክርር የሚል የብረት ድምፅ ተሰማ።

ከውስጥ ደስ ያለው ድምፅ መጣ፦ «ቃል ዘጋች!»

በራችን የብረት በር ነው። ከውስጥ የሚገፋ መቀርቀሪያ አለው፤ ጥብቅ ስለሆነ ቃልዬ ትገፋዋለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። አባባ መጀመሪያ ፊታቸው በራ።

«ራሷ ዘጋችው? ያንን ብረት?»

«አባባ፣ ቡታጋዙ!» አለች እማዬ ባልዲዋን ጥላ።

ከበሩ ጎን ያለው መስኮት ፍርግርግ ብረት አለው። ሁላችንም ተለጠፍንበት። ቃልዬ መሃል ቤት ቆማ ለራሷ ታጨበጭባለች። ከኋላዋ ድስቱ እየገነፈለ እሳቱ ላይ ቸስ ይላል፤ ሰማያዊው ነበልባል ከፍ ዝቅ ይላል። ወደዚያ ዞር ብትልስ? ድስቱን ብትነካውስ?

«ቃልዬ! ቁልፉን ክፈቺው! ቁልፉን!» ጮኸች እማዬ።

ቃልዬ አየቻት። ከዚያ አንገቷን ደፋች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አወጣች፣ የሹራቧን ቁልፍ መፍታት ጀመረች።

«እሱን አይደለም! ቁልፉን! ቶሎ ክፈቺ!»

ቶሎ ስትባል ጣደፍ ብላ ሁለተኛውን ፈታች። እኔ ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረብኝ። ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ጩኸቱን ሰምተው መዶሻ ይዘው መጡና በሩን አንዴ መቱት። ቤቱ ሲያስተጋባ ቃልዬ ደነገጠች፤ ጆሮዋን ይዛ ወደ ኋላ፣ ወደ ቡታጋዙ ሸሸች።

«ዝም በሉ!» አሉ አባባ። እንዲህ ሲጮሁ ሰምቻቸው አላውቅም። ጋሽ ታደሰ መዶሻውን አወረዱ። «ልጅቱ እኮ ያላችኋትን ነው የምታደርገው። ቁልፍ ብለን ያስተማርናት እሱን ነው።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ፍርግርጉ ላይ አስጠጉ። «ቃሌ፣ የኔ እመቤት። ወደ ባባ ነይ።»

መጣች። አባባ ክንዳቸውን በፍርግርጉ መሃል ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባም። እጃቸውን መልሰው ወደ እኔ ዘረጉ። «አዞውን ስጪኝ።» ከልብሱ ጋር የሰበሰብኩት መቆንጠጫ እቅፌ ውስጥ ነበር። አንዱን ሰጠኋቸው። በሁለት ጣታቸው ከፈት፣ ዘጋ አደረጉላት። ቃልዬም በባዶ እጇ ጣቶቿን ገጥማ አሳየቻቸው።

«ጎበዝ! አሁን በሩ ላይ ያለውን ብረት እንደዚህ ያዢው። ወደ ባባ ሳቢው።»

ሄደች። መቀርቀሪያው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉጥ ያዘች። አመለጣት። እንደገና ያዘች። አልንቀሳቀስ አለ። ያኔ ዞር ብላ አባባን አየቻቸውና ሁለት እጇን ወደ እሳቸው ዘረጋች። ያንን እይታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «አንተ አድርግልኝ» ማለቷ ነው። ምግብ ሲቀርብ፣ ጫማ ሲደረግ የምታየው እንደዚያ ነው።

ዝናቡ በአባባ መላጣ ላይ ይወርዳል። «ባባ አይችልም» አሉ ቀስ ብለው። «ባባ ውጭ ነው ያለው። የምትችዪው አንቺ ነሽ። ሳቢው፣ የኔ እናት።»

ቃልዬ አሰበች። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምታ አታውቅም። ወደ በሩ ተመለሰች፤ ጉጡን በቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ቆነጠጠች፣ ግራ እጇን ደረበችበት፣ ወደ ኋላ ተንጋለለች። ክርር አለና ግማሽ ላይ ቆመ። እማዬ አፏን በእጇ ይዛለች። ቃልዬ ጣቶቿን አራገበቻቸው፣ እንደገና ገጠመቻቸውና ሳበች። በሩ ተከፈተ።

እማዬ ዘላ ገብታ ቡታጋዙን አጠፋች። ቃልዬ ሹራቧ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ «ቃል ከፈተች! ቃል ከፈተች!» እያለች ለጋሽ ታደሰ ሳይቀር ታጨበጭብላቸው ነበር። አባባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አቀፏት። ምሳችን ያን ቀን ዳቦ በሻይ ሆነ፤ ምስሩ ከድስቱ ጋር አንድ ሆኖ ነበር። አባባ ዳቦውን ቆርሰው እንደ ልማዳቸው ወደ አፏ ሊወስዱ ጀመሩና መንገድ ላይ ተዉት። ሳህኗ ላይ አስቀመጡላት። «ብዪ ራስሽ» አሏት። ቃልዬ አፏን ከፍታ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ዳቦውን አነሳች።

ሚስ ራሄል ታሪኩን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «እንግዲህ መዝጋትን ካስተማርናት አይቀር መክፈትንም እናስተምራት» አለችና የቀረውን ክረምት የምሳ ዕቃ ክዳን፣ የኮዳ ክዳን፣ የሱሪ ቁልፍ ስንከፍት ስንዘጋ ከረምን። እማዬ መቀርቀሪያውን አስነቅላ ከላይ፣ ቃልዬ የማትደርስበት ቦታ አስተከለችው።

መስከረም ላይ ርዕሰ መምህርቷ ፊት ቀረብን። ቃልዬ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ለመክፈት ብዙ ቆየች። አንዲት ልጅ ልታግዛት እጇን ስትሰድ «ቃል!» ብላ ገፋቻት። ርዕሰ መምህርቷ ሰዓታቸውን አላዩም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠበቁ። ክዳኑ ጧ ብሎ ሲከፈት «ሰኞ ትምጣ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት አባባ ራሳቸው እወስዳታለሁ አሉ። እኔም ትምህርት ቤቴ በዚያው መንገድ ስለሆነ አብሬ ሄድኩ። አዲስ ሱሪ ለብሳለች፤ ሹራቧን ራሷ ስለቆለፈችው ትንሽ ወደ ጎን ተጣሟል። በሩ ላይ ልጆች ይተራመሳሉ፣ ግማሾቹ የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው ያለቅሳሉ። አባባ እጇን ጭብጥ አድርገው ያዙ። አስተማሪዋ መጥታ «ነይ ቃልኪዳን» አለቻት። አባባ አለቀቁም። «እያት፣ ገና ትንሽ ትፈራለች፣ እስክትለምድ እዚሁ ልቁም» ማለት ጀመሩ።

ቃልዬ ወደ ግቢው አየች። ዥዋዥዌ አለ። ከዚያ ወደ አባባ እጅ አየች። በነጻው እጇ የአባባን አውራ ጣት ያዘችና አላቀቀችው። ሌባ ጣታቸውን አላቀቀች። መሃለኛውን። ቀስ ብላ፣ ምላሷን አውጥታ፣ አንዱንም ሳትዘል እስከ ትንሿ ጣት ድረስ። እጇ ነጻ ሲወጣ ሮጠች፤ ዞራም አላየችን።

አባባ የተከፈተ መዳፋቸውን እያዩ ትንሽ ቆሙ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ ፊታቸው አይቼው በማላውቀው ብርሃን በርቶ፣

«ኧረ ይቺ ልጅ!» አሉኝ። «ጣቷ ሲይዝ እኮ ያማል!»